የማያም ቁስል፦ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው እግሩን እንዴት ይጠብቅ?

ወሩ ኅዳር ነበር። አጎቴ ያጨዱትን ጤፍ ከምረው፣ ከብት እንዳይደፍረው አውድማው ዳር ጎጆ ቀልሰው ያድሩ ነበር። የኅዳር ሌሊት ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። እሳት አነደዱ፤ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ወደ ፍሙ ዘርግተው አሸለቡ። ሲነጋ የግራ እግራቸው አውራ ጣት ውኃ ቋጥሮ አገኙት። አላመማቸውም። ስላላመማቸውም ሥራቸውን ቀጠሉ። የቋጠረው ሲፈነዳ የቡና ዱቄት ነሰነሱበት፤ ውቂያው እስኪያልቅም ለማንም አልተናገሩም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቤተሰብ ከሽታው ተነሥቶ ነገሩን ሲደርስበት ጣቱ ጠቁሮ ነበር። ሐኪሞች የቀረውን እግር ለማዳን ሁለት ጣቶቻቸውን መቁረጥ ግድ ሆነባቸው።

አጎቴ የስኳር ሕመም እንዳለባቸው ካወቁ ያን ጊዜ ሰባት ዓመት ሆኗቸው ነበር። መድኃኒታቸውን ይወስዳሉ፤ ሻይ ያለ ስኳር ይጠጣሉ። ሕመሙ ከእግራቸው ጋር ምን እንደሚያገናኘው ግን አያውቁም ነበር። ይህ ጽሑፍ እንደ እርሳቸው ላሉ አርሶ አደሮችና የከተማ ነዋሪዎች፣ እንዲሁም ለቤተሰቦቻቸው የተዘጋጀ ነው።

ስኳር እግርን የሚጎዳው እንዴት ነው?

በደም ውስጥ ያለው የስኳር መጠን ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ ሲቆይ ሁለት ነገሮችን ቀስ በቀስ ይጎዳል። አንደኛው ነርቭ ነው። ነርቮች የሕመም፣ የሙቀትና የንክኪ ስሜትን ከአካል ወደ አንጎል የሚያደርሱ መልእክተኞች ናቸው። ከሁሉም ረጅሞቹ ወደ እግር ጣት የሚወርዱት ስለሆኑ ጉዳቱ አብዛኛውን ጊዜ ከጣት ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል። መጀመሪያ ላይ መደንዘዝ፣ ማቃጠል፣ መጠቅጠቅ ወይም ጉንዳን የሚሄድበት ያህል መውረር ሊሰማ ይችላል፤ በተለይም ሌሊት ይብሳል። በሌሎች ሰዎች ላይ ደግሞ ምንም ምልክት ሳያሳይ ስሜቱ ይጠፋል።

ሁለተኛው የደም ሥር ነው። ወደ እግር ደም የሚያደርሱት ሥሮች ሲጠቡ ቁስል ለመዳን የሚያስፈልገውን ኦክስጅንና ምግብ አያገኝም። መንገድ ሲሄዱ ባት የሚያምና ቆም ሲሉ የሚተው ሕመም፣ የእግር መቀዝቀዝ፣ የማይድን ቁስል የዚህ ምልክቶች ናቸው። ትንባሆ ማጨስ የደም ሥርን ይበልጥ ስለሚያጠብ ስኳርና ትንባሆ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ አደጋው ይበረታል።

በዚህ ላይ ላብ የሚያመነጩት ነርቮችም ስለሚጎዱ የእግር ቆዳ ይደርቃል፤ ተረከዝ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ለጀርም የተከፈተ በር ነው። ከፍ ያለ ስኳር ደግሞ ሰውነት ጀርምን የመከላከል ዐቅሙን ያዳክማል። ስሜት የሌለው፣ ደም በበቂ የማይደርሰው፣ ቆዳው የተሰነጠቀ እግር በእሾህ፣ በጠጠር ወይም በጠባብ ጫማ ምን ሊደርስበት እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ግምት በዓለም ላይ ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 79 ዓመት የሆኑ 537 ሚሊዮን ሰዎች ከስኳር ሕመም ጋር ይኖራሉ። ከእነዚህ መካከል በርካቶች በሕይወት ዘመናቸው የእግር ቁስል ያጋጥማቸዋል። በስኳር ሕመም ምክንያት ከሚደረጉ 100 የእግር መቆረጦች ውስጥ 85 ያህሉ የሚጀምሩት በቁስል ነው። ይህ ቁጥር አስፈሪ ቢመስልም ተስፋም አለው፤ ቁስሉን መከላከል ወይም በጊዜ ማከም ማለት አብዛኛውን የእግር መቆረጥ ማስቀረት ማለት ነውና።

ሕመም የሰውነት ዘበኛ ነው

በሀገራችን የሥጋ ደዌን የማያውቅ የለም። ለረጅም ዘመን ሰዎች ደዌው ጣትን የሚበላ ይመስላቸው ነበር። እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ፖል ብራንድ በሕንድ ሀገር ቬሎር ከተማ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሲያክሙ የተለየ ነገር አስተዋሉ። የሕሙማኑን እግርና እጅ የሚያጠፋው በዋናነት ስሜት ማጣታቸው ነበር። እሳት ሲነኩ አይሰሙም፤ ምስማር ሲረግጡ አያነክሱም፤ ቁስላቸው ላይ ቀኑን ሙሉ ይሄዱበታል። ብራንድ በኋላ በአሜሪካ ሉዊዚያና ግዛት ካርቪል በሚባል ቦታ ሲሠሩ ይኸው ትምህርት ስሜቱን ላጣ የስኳር ሕመምተኛ እግርም እንደሚሠራ አሳዩ።

በእርሻ ኮሌጅ ስማር ስለ ከብት ጤና ከተነገሩን ቀዳሚ ነገሮች አንዱ ማነከስ ነበር። በሬ ካነከሰ ሰኮናው ይታያል፤ እሾህ ካለ ይነቀላል፤ እስኪድን ከቀንበር ያርፋል። አርሶ አደራችን ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ስሜቱን ያጣ የስኳር ሕመምተኛ ግን አያነክስም። ቁስል ይዞም ቀጥ ብሎ ይራመዳል። ስለዚህ ማነከስን ሳይጠብቁ፣ ሕመምን ሳይጠብቁ በየዕለቱ እግርን በዓይን ማየት ያስፈልጋል። ዘበኛው ሲተኛ ባለቤቱ ራሱ ተነሥቶ ግቢውን እንደሚዞር ማለት ነው።

ስሜት መኖር አለመኖሩን በቤት ውስጥ መፈተን

ማንኛውም የቤተሰብ አባል ሊያደርገው የሚችል ቀላል ፍተሻ አለ። ሕመምተኛው ጫማና ካልሲውን አውልቆ ይቀመጥ ወይም ይጋደም፤ ዓይኑንም ይጨፍን። ሌላው ሰው በጠቋሚ ጣቱ ጫፍ የእያንዳንዱን እግር አውራ ጣት፣ መካከለኛ ጣትና ትንሽ ጣት ጫፍ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰከንድ ያህል በስሱ ይንካ። መጫን፣ ማሻሸት ወይም መኮርኮር አያስፈልግም። ሕመምተኛው በተነካ ቁጥር የተነካው ቀኝ ይሁን ግራ ይናገር። በጠቅላላው የሚነኩት 6 ቦታዎች ናቸው። ከእነዚህ ሁለቱን ወይም ከዚያ በላይ ካልሰማ የእግሩ ስሜት ቀንሶ ሊሆን ስለሚችል በጤና ተቋም መታየት አለበት።

ይህ ፍተሻ የባለሙያ ምርመራን አይተካም። በጤና ተቋም ባለሙያው በቀጭን የናይለን ክር የእግሩን ስሜት ይመረምራል፤ በእግር ጀርባና ከቁርጭምጭሚት ኋላ የደም ሥር ምት መኖሩን በጣቱ ይዳስሳል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ሁሉ፣ ምንም ምልክት ባይኖረውም እንኳ፣ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ እግሩ እንዲታይለት መጠየቅ ይገባዋል። ስሜቱ የቀነሰ ወይም የደም ዝውውሩ የደከመ ሰው ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ይታያል። ከዚህ ቀደም ቁስል የነበረበት ወይም ጣቱ የተቆረጠ ሰው ደግሞ ከ1 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ መታየት አለበት። ወደ ክትትል ሲሄዱ ባለሙያው ሥራ በዝቶበት እግርዎን ሳያይ ሊሸኝዎ ከሆነ፣ ጫማዎን አውልቀው «እግሬን ይዩልኝ» ማለት ነውር የለውም።

የማታ ፍተሻ

በየማታው፣ ከሥራ መልስ፣ በቂ ብርሃን ባለበት ሁለቱንም እግሮች ይመልከቱ። የእጅ ባትሪ ወይም የስልክ መብራት ይበቃል። የእግር ጀርባን፣ መርገጫውን፣ ተረከዙንና በጣቶች መካከል ያለውን ቦታ አንድ በአንድ ይዩ። ጎንበስ ማለት የሚያስቸግርዎ ከሆነ መስታወት መሬት ላይ አስቀምጠው ከበላዩ እግርዎን ይያዙ። ዓይንዎ የደከመ ከሆነም ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ይይልዎ።

የሚፈለገው ምንድን ነው? ቁስል፣ ውኃ የቋጠረ ቦታ፣ ስንጥቅ፣ የተሰካ እሾህ ወይም ስንጥር፣ እብጠት፣ የቀለም ለውጥ፣ በጣቶች መካከል የሚላላጥ ወይም ነጭ የሆነ እርጥብ ቆዳ፣ የጠነከረና የደደረ ቆዳ ናቸው። በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላት በቀላሉ ስለማይታይ ሁለቱን እግሮች በእጅ ጀርባ እየዳሰሱ ማነጻጸር ይጠቅማል። አንዱ ከሌላው ከሞቀ ወይም ካበጠ ከሥሩ ችግር አለ ማለት ነው። የደደረ ቆዳንም አይናቁት። ከሥሩ ያለውን ሥጋ እንደ ጠጠር ስለሚጫን ብዙ ቁስል የሚጀምረው በእርሱ ሥር ነው። በምላጭ መላጥ ወይም ከገበያ በተገዛ ኬሚካል ማቃጠል ግን ፈጽሞ አይገባም፤ የሚያነሣው የጤና ባለሙያ ነው።

አስተጣጠብና ጥፍር

እግርን በየቀኑ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና መታጠብ ይገባል። ውኃው ከሰውነት ሙቀት፣ ማለትም ከ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መብለጥ የለበትም። ሙቀቱን በእግር አይለኩ፤ በክርን ወይም በሌላ ጤነኛ ሰው እጅ ያስለኩ። ለእንግዳ እግር ሙቅ ውኃ ማቅረብ የቆየ መልካም ልማዳችን ነው፤ ስሜት ለሌለው እግር ግን ያው ውኃ ሊያቃጥለው ይችላል። በጨው ውኃ ለረጅም ጊዜ መዘፍዘፍም ቆዳውን ስለሚያደርቀውና ስለሚያሳሳው አይመከርም።

ከታጠቡ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ፣ በተለይም በጣቶች መካከል፣ በደንብ ያድርቁ። ቆዳው እንዳይሰነጠቅ ቫዝሊን ወይም ሌላ ቅባት ይቀቡ፤ በጣቶች መካከል ግን አይቀቡ፤ እርጥበት በዚያ ከታሰረ ፈንገስ ያፈራል።

ጥፍር በቀጥታ መስመር ይቆረጥ። ጎንና ጎኑን ጠልቆ መቁረጥ ጥፍሩ ወደ ሥጋ እንዲያድግ ያደርጋል። ሙጀሌ የገባበት እግርም ጥንቃቄ ይሻል። በየቤቱ የምናውቀው በመርፌ ቁልፍ የመጎርጎር ልማድ ስሜት ላጣ እግር የቁስል መጀመሪያ ሊሆን ስለሚችል በጤና ጣቢያ እንዲወጣ ማድረግ ይሻላል።

ጫማ፦ ትልቁ መከላከያ

በባዶ እግር መሄድ በእርሻም፣ በግቢም፣ በቤት ውስጥም መቅረት አለበት። ነጠላ ጫማ ጣትን ከእንቅፋትና ከእሾህ አይሸፍንም፤ ስሜት ከሌለውም ከእግር ሲወልቅ አይታወቅም። ኮንጎ ጫማ ከእሾህ ቢከላከልም እግርን ስለሚያልብና ጠርዙ ስለሚቆርጥ ያለ ካልሲ አይደረግ። በረባሶም ጎማው ጠንካራ ቢሆን ማሰሪያው እንዳይልጥ መታየት አለበት።

ጥሩ ጫማ ከእግሩ ርዝመት ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ፣ ፊቱ ለጣቶች ሰፊ፣ ውስጡ ለስላሳና ስፌቱ የማይጎረብጥ ነው። እግር ቀን ሲውል ስለሚያብጥ ጫማ የሚገዛው ከሰዓት በኋላ ቢሆን ይመረጣል። ስሜት የሌለው ሰው ጠባብ ጫማ «ልክ ነው» ብሎ ሊገዛ ስለሚችል በስሜት ብቻ አይመን። በወረቀት ላይ ቆሞ የእግሩን ዙሪያ በእርሳስ ያስምር፤ ቆርጦ ወደ ገበያ ይውሰድና ጫማው ውስጥ ሳይታጠፍ መግባቱን ይይ። ይህ ዘዴ ምንም ወጪ የለውም። አዲስ ጫማ በመጀመሪያው ቀን ከአንድና ከሁለት ሰዓት በላይ አይደረግ፤ ካወለቁት በኋላም እግር ይታይ።

ጫማ ከመልበስ በፊት ገልብጦ ማራገፍና እጅ አስገብቶ መዳሰስ የየቀን ልማድ ይሁን። ጠጠር፣ ምስማር፣ የታጠፈ ገበር ወይም ነፍሳት ሊኖርበት ይችላል። ካልሲ በየቀኑ ይቀየር፤ ላስቲኩ ጥብቅ አይሁን፤ ስፌቱ የሚጎረብጥ ከሆነ ገልብጦ መልበስ ይቻላል።

በእርሻና በአምልኮ ስፍራ

በክረምት ዋልካ ማሳ ላይ የሚያርም አርሶ አደር እግሩ ከጭቃና ከውኃ አይለይም። ቡትስ ጫማ ከካልሲ ጋር ያድርግ፤ በቀን መካከል አውልቆ እግሩን ያድርቅ፤ ደረቅ ካልሲም ይቀይር። ማታ ቡትሱ ተገልብጦ ይድረቅ። በአጨዳና ከአጨዳ በኋላ የተቆረጠ የማሽላና የበቆሎ አገዳ ሹል ጫፍ እንደ ጦር ይወጋል፤ ቀጭን ሶል ያለው ጫማም ይበሳል። ከእሳት ዳር ሲቀመጡ እግርን ከፍም ማራቅ፣ ብርዱን በካልሲና በብርድ ልብስ መከላከል ይገባል። የፈላ ውኃ የተሞላ ጠርሙስ ከእግር ሥር አድርጎ መተኛትም እንደ ፍሙ ሁሉ ያቃጥላል።

ቤተ ክርስቲያንም ሆነ መስጊድ ስንገባ ጫማ እናወልቃለን። ስሜት የቀነሰበት ሰው እስከ መግቢያው በር ድረስ ጫማውን ባያወልቅ፣ ሲገባም ወፍራም ንጹሕ ካልሲ ቢያደርግ፣ ፀሐይ ባጋለው ድንጋይ ላይም ባይቆም ይጠቅመዋል። ለሶላት ውዱእ የሚያደርግ ሰው በጣቶቹ መካከል ያለውን ውኃ ያድርቅ። ጠበል የሚጠመቅ ምእመንም መድኃኒቱን ማቋረጥ የለበትም፤ እግሩንም ከእንቅፋት ይጠብቅ።

ቁስል ሲገኝ

ቁስል ከታየ፣ ባያምም እንኳ፣ ጊዜ አይሰጠውም። በንጹሕ ውኃና በሳሙና ይታጠብ፤ በንጹሕና ደረቅ ፋሻ ወይም ጨርቅ ይሸፈን፤ በዚያው ቀን፣ ካልተቻለም በማግስቱ ወደ ጤና ጣቢያ ይኬድ። የቡና ዱቄት፣ አመድ፣ እበት፣ የተወቀጠ ቅጠል ወይም ነጭ ጋዝ አይደረግበት። ውኃ የቋጠረ ቆዳ አይፈንዳ። ከመድኃኒት ቤት በግምት የተገዛ መድኃኒትም ሕክምናን ከማዘግየት በቀር ጥቅም ላይኖረው ይችላል። በእሾህ፣ በምስማር ወይም በእርሻ መሣሪያ የመጣ ቁስል ከሆነ ስለ መንጋጋ ቆልፍ ክትባት ባለሙያውን ይጠይቁ።

በተለይ የሚዘነጋው ነገር እግሩን ማሳረፍ ነው። የመርገጫ ቁስል በየእርምጃው ስለሚጨፈለቅ መድኃኒት ብቻውን አያድነውም። ቁስል የያዘ ሰው ሐኪም እስኪፈቅድለት ድረስ ከሞፈርና ከቀንበር መራቅ፣ በምርኩዝ መሄድ፣ እግሩን ከጫና ማሳረፍ አለበት። በዚህ ወቅት ጎረቤትና ቤተሰብ በደቦ ቢያግዙት ለሰውዬው የእግር ሕክምና ነው።

የሚከተሉት ምልክቶች ካሉ ግን አንድ ሌሊትም ማሳደር አይገባም፦ መግል ወይም መጥፎ ሽታ፣ የጣት መጥቆር፣ ከቁስሉ ወደ ላይ የሚዘልቅ እብጠትና ሙቀት፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት። ቁስል ሳይኖረው በድንገት ያበጠና የሞቀ እግርም አደገኛ ሊሆን ይችላል። ስሜት ባጣ እግር ውስጥ አጥንቶች ተሰብረው ወይም ቦታቸውን ለቅቀው ሊሆን ስለሚችል፣ ሐኪም እስኪያየው ድረስ አይረገጥበት።

ሥሩ ስኳሩ ነው

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ጥበቃ ነው፤ ሥሩ ግን በደም ውስጥ ያለው ስኳር ነው። መድኃኒትን ሳያቋርጡ መውሰድ፣ ክትትልን አለመዝለል፣ የደም ግፊትን መቆጣጠር፣ ትንባሆን መተው የነርቭና የደም ሥር ጉዳትን ያዘገያሉ። ብዙ ሰው ሕመሙ እንዳለበት የሚያውቀው የማይድን ቁስል ይዞ ሲመጣ ነው። ስለዚህ ከወትሮው በላይ የሚጠማው፣ ቶሎ ቶሎ የሚሸና፣ ሳያስበው የሚከሳ፣ ወይም ቁስሉ አልድን ያለው ሰው ይመርመር። ቁርስ ሳይበላ በተወሰደ የደም ናሙና የስኳሩ መጠን 126 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትርና ከዚያ በላይ ከሆነ የስኳር ሕመምን ያመለክታል፤ ሐኪሙም ምርመራውን ደግሞ ያረጋግጣል።

ወጪን ፈርቶ መቅረት ለሚያስብ ሰው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባልነትን በጊዜው ማደስ ይጠቅማል። በቀበሌው ያለች የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያም የት መሄድ እንዳለበት ታመለክተዋለች። የጠፋ አዝመራ በሚቀጥለው ክረምት ይዘራል፤ የተቆረጠ እግር ግን አይበቅልም።

አጎቴ ዛሬም ያርሳሉ። ጫማቸው ሰፊ ነው፤ ባዶ የሆነው የጣቶቻቸው ቦታ በሐኪም ምክር በለስላሳ ነገር ተሞልቷል። ከእራት በኋላ የልጅ ልጃቸው የእጅ ባትሪ ይዛ አጠገባቸው ትቀመጣለች። ቀኝ እግር፣ ግራ እግር፣ በጣቶች መካከል፣ ተረከዝ። ሁሉም ነገር ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። ባለፈው ክረምት ሳይሰማቸው የተሰካ እሾህ ያገኘችው እርሷ ናት፤ በማግስቱም ጤና ጣቢያ ሄዱ፤ በሳምንት ውስጥ ዳነ። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው። በቤትዎ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ካለ፣ ዛሬ ማታ መብራት ይዘው እግሩን ይዩለት።